በህልም ውስጥ ጣት መቁጠር

ሁለተኛው ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ባሌ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ነበር። የመጣው ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው፤ እኔው በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል እየተንተባተብኩ ለእናቱ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። አብሮት የዘመተ አንድ የሙጃ ሰው እግሩን ቆስሎ ተመለሰ ሲባል ሰማሁና፣ ነጭ ሽንኩርት ልሸጥ ነው ብዬ ሙጃ ገበያ ድረስ ሄጄ ያዝኩት።

"ተበታተንን" አለኝ። "እኔ ስወድቅ እሱ ቆሞ ነበር።"

የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። እኔ "ቆሞ ነበር" የምትለዋን ይዤ ቤቴ ገባሁ። አማቴ "ተበታተንን" የምትለዋን ያዙ።

ሁለታችን ከላሊበላ በላይ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። እማማ ነው የምላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነገራችን ሁሉ ክርክር ሆነ።

"ልጄ ሞቶ እንደሆነ ነፍሱ ደጅ እያደረች ነው" ይሉኛል። "ፍትሐት ይደረግለት። ተዝካሩ ይውጣ።"

"በሕይወት ካለስ እማማ? ለቆመ ሰው ፍትሐት ይደረጋል?"

"ካለማ ይላክ!"

"በማን ይላክ?"

"እኔ ምን አውቄ! አንቺ አይደለሽ በየሌሊቱ የምታይው?"

እውነታቸውን ነው፤ አየው ነበር። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው የጥድ ጫካ መንገድ ላይ፣ ጋቢውን ደርቦ ከፊቴ ይሄዳል። ጀርባውን ብቻ ነው የማየው። ልጠራው ስል አፌ ይታሰራል፤ ልሮጥ ስል እግሬ መሬት ይይዘዋል፤ እነቃለሁ። እንዲህ አየሁ ብዬ ስነግራቸው ይፈቱታል።

"ጀርባ መስጠት መለየት ነው።"

"እየሄደ ከሆነማ እግር አለው። ሙት መች ይሄዳል?"

"ህልም እንደ ፈቺው ነው፤ አንቺ እንደፈለግሽ ፍቺው" ብለው ይነሳሉ።

በመጨረሻ ቀን ቆረጡልኝ። "እስከ ኅዳር ጽዮን እታገሣለሁ" አሉ። "ፊቱን አዙሮ ካናገረሽ ያለውን እንሰማለን። ካላናገረሽ ቄሱን እጠራለሁ፤ አንቺም ከል ትለብሻለሽ።"

እኔ ድሮም እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። ያን ሰሞን ደግሞ ባሰብኝ። ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። ገበያ የምሸጠው ሳይኖረኝ እሄዳለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ስዞር አንድ ቀን ነአኩቶ ለአብ ደረስኩ፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል ጠጥቼ፣ በር አጠገብ ለሚቀመጡ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ጉዳዬን ዘረገፍኩላቸው።

"እማሆይ፣ ሰው በህልሙ ውስጥ ሆኖ 'ይሄ ህልም ነው' ብሎ የሚያውቅበት መንገድ ይኖር ይሆን? ባውቅ እኮ እግሬም ይፈታ ነበር፣ ዞሬም ፊቱን አየው ነበር።"

ሳቁብኝ። "ሰው በውኑስ ውን መሆኑን መች አውቆት! ደግሞ የህልሙን ትያለሽ?" ከዚያ አዘኑልኝ መሰል እጃቸውን ዘረጉ። "እኔ ክፉ ህልም ሲመጣብኝ እግዚኦ እቆጥራለሁ። አሥራ ሁለት አይደል? በአራት ጣት፣ በየአንጓው። በህልም ግን አይገጥምም። አንዴ አሥራ አራት ይሆናል፤ አንዴ ጣቱ ያልቅብኛል። ያኔ ህልም መሆኑን አውቄ አማትብና አባርረዋለሁ።"

"እኔን በእንቅልፌ ቁጠሪ ብሎ ማን ያስታውሰኛል?"

"እጅሽ ነዋ! በቀን ያላስለመድሽውን እጅ በእንቅልፍ አታዢውም። ደጅ ስትወጪ ቁጠሪ፤ ደጅ ስትገቢ ቁጠሪ። እንዲያው በልማድ እንዳይሆን ደግሞ። በቆጠርሽ ቁጥር 'ይሄ ህልም ቢሆንስ?' ብለሽ ከልብሽ ጠርጥሪ።"

ጠረጠርኩ። ወይ ጥርጣሬ! ዶሮዋን ሳባርር፣ እንጨት ስሸከም፣ ሰው ሰላም ሲለኝ አውራ ጣቴ በአንጓዎቹ ላይ ይሄዳል። አሥራ ሁለት። ውን ነው። ሁልጊዜ አሥራ ሁለት መምጣቱ ራሱ ያናድደኝ ጀመር። ጭራሽ እንቅልፌ ሸሸ፤ እንዳያመልጠኝ ስጠብቀው አላስጠጋ አለኝ። ይኸው ነው ጀማሪ የሚሳሳተው፣ በኋላ ነው የገባኝ። እንቅልፍን በር ላይ ቆመህ ከጠበቅኸው አይገባም።

በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይም ተዋረድኩ። ሊቀመንበሩ ስለ እርከን ሥራ ሲናገሩ ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ።

"እህት! ምንድን ነው የምትቆጥሪው? የቀሩትን ነው?"

"ጣቴን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ጎደለሽ?"

"የለም፣ ልክ ነው።"

"ልክ ከሆነ አውርጂው።"

ከኋላዬ የተቀመጠች ጎረቤቴ፣ ምላሷ ጥሬ የሚቆላ፣ "ተዋት ጓድ፤ አንድ ባል ቢጠፋባት አሥራ ሁለት ልታጭ ነው!" አለች። ሕዝቡ አውካካ። እኔም ሳቅኩ፤ እጄን ግን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ መቁጠሬን ቀጠልኩ።

ጥቅምት ገባ። ገብሱ ደርሶ ጭላዳ ዝንጀሮ ስለሚያጠፋው፣ ቀን ቀን ማማ ላይ ተቀምጬ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ አድክሞኝ ሸለብ አደረገኝ። የጥዱ መንገድ መጣ። ጋቢው ከፊቴ መጣ። እጄ፣ ማንም ሳያዘው፣ መቁጠር ጀመረ፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፤ ጣቴ እንደ ሐረግ ይረዝማል፣ አንጓው አያልቅም።

"ህልም ነው!" ብዬ ጮህኩ። በጩኸቴ ነቃሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ጭላዳዎቹ ገብሱ መሃል ቁጭ ብለው እንደ ሠርገኛ ይበላሉ። ድንጋይ ስወረውር፣ ሳለቅስ፣ ስስቅ ቆየሁ። እማማ የተበላውን ሲያዩ "ምን ስትሠሪ ነበር?" አሉኝ። "ስማር ነበር" ብላቸው ይሰድቡኛል ብዬ ዝም አልኩ።

ሁለተኛው ጊዜ ከሳምንት በኋላ ነው፤ እዚያው ማማ ላይ። ጣቴ አልገጥም ሲል አልጮህኩም። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ መሬቱን በእግሬ ዳበስኩት፤ እግሬ ተፈታ። እየሄድኩ ደረስኩበት። ትከሻውን ይዤ አዞርኩት። እሱ ነው! ከንፈሩ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም።

"አለህ?" አልኩት።

"አለሁ" አለኝ።

ነቃሁና ከማማው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ወደ ቤት እየሮጥኩ ነበር፤ ለእማማ ልነግር። ግማሽ መንገድ ላይ ግን እግሬ ቀዘቀዘ። "አለሁ" ያለው ገና አፉን ሳይከፍት፣ ቃሏ በእኔ ምላስ ላይ ነበረች። ቀምሻታለሁ። ቆምኩ። ቤቱን እያየሁት ተመለስኩ።

ሦስተኛው ጊዜ ሲመጣ ፈርቼ ነበር የጠየቅኩት። ልቤ "ሞቻለሁ ቢለኝስ" ብሎ ሳይጨርስ፣ "ሞቻለሁ" አለኝ፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፊት። ያን ቀን ስነቃ ገብሱንም ዝንጀሮውንም አላየሁም።

አንድ ጊዜ ደግሜ ሞከርኩ። ሲዞርልኝ ምንም አልጠየቅኩትም። በሆዴ ብቻ፣ "ፍየሏ መንታ ወለደች በል" ብዬ አሰብኩ።

"ፍየሏ መንታ ወለደች" አለኝ፣ በፍቅር ዓይን ዓይኔን እያየ።

ፍየል አልነበረንም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሳላውቅበት የሚመጣው ህልም ቢያንስ ከየትም ይምጣ ከየት፣ መልእክት ነው ብዬ ላምነው እችል ነበር። ላናግረው ብዬ ልጓም ካገባሁበት በኋላ ግን የሚናገረው የእኔን ብቻ ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ ጣቴን የቆጠርኩት፣ የራሴን ድምፅ በእሱ አፍ ልሰማ ኖሯል።

የኅዳር ጽዮን ዋዜማ እማማ የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መነኩሲቷንም፣ ጭላዳውንም፣ ፍየሏንም። በፍየሏ ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

"ለምን አልዋሸሽኝም?" አሉኝ። "'አለሁ አለኝ' ብትይኝ ምን ነበረበት?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እጠብቅ ነበር።"

"አሁንስ አይጠብቁም?"

የነጠላቸውን ጫፍ ለቀቁት። "የሞተ ይለቀሳል። ያለ ይጠበቃል። እኔ ሁለቱን በአንድ ሆድ መቻል አቃተኝ ልጄ። ተዝካር ያልኩት ሞቱን አምኜ መሰለሽ? ወደ አንዱ ልረፍ ብዬ ነው።"

እስከዚያ ቀን ድረስ በልጃቸው የጨከኑ ይመስለኝ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማናችንም አላለቀስንም።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችንም ስሙን በጸሎት እንዲያነሱልን ወደ ቄሱ ቀረብን።

"ከማን ልጨምረው? ከሙታን ነው ከሕያዋን?" አሉን።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ወደ እሳቸው።

"አናውቅም አባቴ" አልኩ። "ሁለታችንም አናውቅም።"

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "በቅዳሴው ለመንገደኛም ይጸለያል" አሉ። "ለሄዱትም፣ ሊሄዱ ላሉትም።"

"የት እንዳለ ሳይታወቅም?"

"የት እንዳለ እኛ አናውቅም እንጂ።"

"እስከ መቼ ነው የሚጸለየው?" አሉ እማማ።

"እስኪገባ።"

የት እስኪገባ እንደሆነ አልጠየቅናቸውም። እማማ "ይሁን" አሉ፤ እኔም "ይሁን" አልኩ፤ ከመስከረም ጀምሮ በአንድ ቃል ስንስማማ ያ የመጀመሪያችን ነበር።

"የክርስትና ስሙን ንገሩኝ" አሉ ቄሱ።

በአገራችን የክርስትና ስም እንዲህ በዋዛ አይወጣም፤ መተተኛ ይሠራበታል ተብሎ ይደበቃል። እማማ ጎንበስ ብለው በቄሱ ጆሮ ሹክ ሲሉ እኔም አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት። አራት ዓመት በትዳር ስኖር ያን ስም አላውቀውም ነበር። አንድም ቀን በልቤም በህልሜም አልፎ አያውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ከንፈሬ ውስጥ ሳመላልሰው እማማ ሰሙኝና ቆም አሉ።

"ዝም በይ አንቺ!" አሉኝ። "ለጸሎት ነው እንጂ ለመንገድ አይደለም።"