ጣሪያ ያልለበሰው ማዋለጃ ክፍል

የክልሉ ምክር ቤት አባል ከሆንኩ ወዲህ ሰው ሁሉ «የተከበሩ» ይለኛል፤ ባለቤቴ ብቻ እስካሁን አልተቀበለችውም። የተመደብኩት በጀት በሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው። የመንግሥት ገንዘብ ሥራ ላይ መዋሉን በዓይናችን እናያለን። መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ የማላውቅ ሽማግሌ ለዚህ መመረጤ ይገርመኛል።

ኮሚቴያችን መኪና የለውም። ለመስክ ምልከታ ስንወጣ የምንቆጣጠረውን ቢሮ መኪና እንለምናለን፤ ሾፌሩም ምሳውም የቢሮው ነው። ጎግ ወረዳ በጤና ቢሮው መኪና የሄድነውም እንዲሁ ነበር። መንገዳችን ላይ አቦቦ ከተማ ዓሣ ጋበዙን፤ ለጥያቄ ያዘጋጀሁትን አፍ በዓሣ ሞላሁት።

የቢሮው ሪፖርት «ተጠናቋል» ያለው የጎግ ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል ግድግዳ አለው፣ በር አለው፤ ጣሪያ የለውም። ውስጡ ሣር በቅሏል።

«አባባ፣ ዝናቡ ሳይገባ ይለብስ ይሆን?» አለችኝ አዋላጇ። «አሁን ግቢው ውስጥ በአንሶላ ከልዬ ነው የማዋልደው። መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ እናቶቹን የት ላድርጋቸው?»

የቢሮው ሰው ቀደመኝ፦ «በሂደት ላይ ነው።»

«በሂደት ላይ ያለውስ ሣሩ ነው» አልኩት። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ እየሳቀ ወደ መኪናው መራን። እኔም በቀልዴ ረክቼ ገባሁ።

በምክር ቤቱ ጉባኤ ላይ ግን ተነሥቼ ጠየቅሁ፤ መነሣቱም ከጉልበቴ ጋር ድርድር ይጠይቃል። የቢሮ ኃላፊው አመስግኖኝ «በግብዓትነት ወስደነዋል» አለ። ኮሚቴ አያዝም፤ ያሳስባል። አሳሰብን፤ እጅ ወጣ፤ ጸደቀ።

ዝናቡ እንደጀመረ አዋላጇ ደወለች።

«አባባ፣ ምን አሉ?»

«በግብዓትነት ወስደውታል።»

«ቆርቆሮውን?»

«አይ፣ ሐሳቡን።»

 ቀጥላ «እህቴ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ነው የምትሠራው፤ አሮጌ ሸራ ልለምናት። የመንግሥት ሕንፃ ላይ ብወጥር ይጠይቁኛል?» አለች።

«ጠያቂው እኔ ነኝ። ወጥሪው።»

በኋላ ስደውል ሸራው ተገኝቷል። ንፋስ ሲነሣ ግን ምጥ ከያዛቸው እናቶች ጋር የመጡት ዘመዶች ጫፍ ጫፉን ይዘው ይቆማሉ አለችኝ፤ እያወራችኝም «ያዙት! ያዙት!» ትላቸዋለች። «በርቺ፣ ልጄ» አልኳት። ሰማችኝ አልሰማችኝ እንጃ።