ከአንድ ማኅፀን

ባለፈው እሑድ እዚህ ጎንደር፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ሰባኪ ስለ አንድ የግሪክ ቃል አስተማረን። ቃሉ «ፊላዴልፊያ» ነው። ግሪኮች ቀድሞ በቃሉ የሚጠሩት ከአንድ ማኅፀን የወጡ ልጆችን መዋደድ ብቻ ነበር አለ፤ የጥንት ክርስቲያኖች ግን ቃሉን ወስደው በሥጋ ለማይዛመዱ ሰዎች ሰጡት። ሕዝቡ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ያናደደኝ ሌላ ሰው ነው።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሸሕዲ በአንድ ጤና ጣቢያ የተመደብኩ አዲስ ነርስ ነበርኩ። ክረምት የሰሊጥ አረም ወቅት ነው። የቀን ሠራተኛው ከጎጃምም ከወሎም ይጎርፋል፤ ሙቀቱ፣ ጭቃውና ወባው አንድ ላይ ይመጣል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሞላ የሚባል የወሎ ልጅ አንድ ታማሚ አዝሎ ገባ። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጥቁር ጭቃ ለብሰዋል። የታዘለው አስማረ በትኩሳት ይቃዣል።

«ምንህ ነው?» አልኩት።

«ወንድሜ ነው።»

አስማረ የሚቃዠው በጎጃም አነጋገር ነበር፤ ቢሆንም አልተከራከርኩም። ግሉኮስ ስሰቅል ሞላ የማሽላ ቂጣ እየቆረሰ ሊያጎርሰው ይሞክራል፤ አልዋጥለት አለ። ሞላ እንደነገረኝ፣ አስማረ ማረም ሲያቅተው የሚሠሩለት ባለእርሻ በትራክተር አስጭኖ መንገድ ዳር አስጥሎታል። ሞላ ሥራውን ትቶ ተከተለው፤ የሚጭናቸው መኪና ቢያጣ አዘለው።

ከሰዓት በኋላ አስማረ ሞተ። ቀደም ብሎ ቢደርስልን ይተርፍ ነበር።

ሬሳው ሳይወጣ ባለእርሻው መጣ። የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ «ወንድሜ» የምትል ቃል ከአፉ አትጠፋም። የመጣው ሞላን ወደ እርሻው ሊመልስ ነው። መርዶውን ስነግረው ባርኔጣውን አውልቆ «አይ ወንድሜ! ነፍስ ይማር» አለ።

«ወንድምዎ ከሆነ ለምን መንገድ ላይ ጣሉት?»

«እህቴ፣ ሰሊጡን አረም እየዋጠው ለአንድ ሰው ብዬ ትራክተሩን እስከ ከተማ ልላክ?»

«እህቴ አይበሉኝ!»

ጩኸቴ ግቢውን አናወጠው። ኃላፊዬ ክንዴን ይዞ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ተይ» አለኝ። ሰውየው ግን ቁጣም አላሳየ፣ እፍረትም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ሞላን «ነገ እጠብቅሃለሁ» ብሎት መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት እኔ፣ ሞላና ጥቂት ሠራተኞች ልንቀብረው ወጣን። ቄሱ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ሞላ አቀረቀረ። «አላውቀውም አባ። የተገናኘነው እዚሁ ሸሕዲ፣ ሥራ ስንጠብቅ ነው።»

«ታዲያ በማን ስም ልፍታው ልጄ?»

«የኔን ይውሰድ። ገብረ ማርያም ይበሉት።»

ቄሱ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ በዚያው ስም ፈቱት። ሞላ ወደ እርሻው አልተመለሰም፤ የአስማረን ቀበሌ ያውቅ ስለነበር እናቱን ሊያረዳ ወደ ጎጃም ተሳፈረ። ዳግመኛ አላየሁትም።

ያ ባለእርሻ አርጅቶ በክብር እንደተቀበረ ሰምቻለሁ። ንስሐ አባቴ ይቅር በይው ይሉኛል፤ አልሆነልኝም። ስለ ወንድምነት ሰምቶ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን በየቀኑ ሲያወራው ነው የኖረው።