ባለመስኮቱና ባለተገላባጩ ካሜራ

ያን ዓመት ክረምቱን የጨረስኩት ስልኬ ውስጥ ሁለት ካሜራ ይዤ ነው። አልገዛኋቸውም፤ የያዝኩት ፎቷቸውንና ስለ እነሱ የተባለውን ሁሉ ነው። ጠዋት ስነሳ አንደኛውን እመርጣለሁ፤ ሲመሽ ሌላኛው ይሻለኛል። ገንዳ ውሃ ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። መስከረም ላይ ትምህርት ተጀምሮ ስለ ሴል ግድግዳ እያስረዳሁ እንኳ ልቤ ከሁለቱ መሃል ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳልጨርስ ጠመኔውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ተማሪዎቹ ያመመኝ መሰላቸው።

ሁለቱም ለጀማሪ የሚባሉ ሚረርለስ ናቸው፤ እንደ ድሮዎቹ በውስጣቸው መስታወት ስለሌለ ቀለል ይላሉ። አንደኛው ከጀርባው ዓይን የሚለጠፍበት ትንሽ መስኮት አለው፤ የሚነሳው ነገር በዚያ አጮልቀው ሲያዩ ይታያል። እሱን ባለመስኮቱ አልኩት። ሌላኛው መስኮት የለውም፤ ሁሉን ነገር የሚያሳየው በስክሪኑ ነው፤ ስክሪኑ ግን እንደ መጽሐፍ ወደ ጎን ተከፍቶ ወደ ፈለጉት ይገለበጣል። ባለተገላባጩ ይኸ ነው። ያንሳል፣ ያምራል፣ በቪዲዮም ይበልጣል ይሉታል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ቢራራቅማ ኪሴ ይመርጥልኝ ነበር።

ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አማከርኩ። የፊዚክስ መምህሩ ባልደረባዬ ስልኬን ተቀብሎ ሁለቱን አየና፣ "አንች ልጅ፣ ፀሐያችንን ረሳሻት እንዴ? እዚህ አገር ቀትር ላይ የገዛ ስልክሽን ለማየት ግድግዳ ጥግ ትገቢ የለ? ባለመስኮቱን ያዥ" አለኝ። እውነቱን ነበር። ያናደደኝም እውነት መሆኑ ይመስለኛል። ሰው ወደ አንዱ ሲመክረኝ ወደ ሌላው ማዘንበል የቆየ አመሌ ነው፤ የዚያን ቀን ማታ ባለተገላባጩን መረጥኩ፤ በማግስቱ ደግሞ ተውኩት።

ከዚያ በፊት ካሜራ አልነበረኝም ማለት አይደለም። ዕቃ ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት፣ እንደ ልብ በሚገባበት ጊዜ መተማ ዮሐንስ ላይ የገዛሁት አሮጌና ከባድ ካሜራ ነበረኝ፤ ሠርግና ምረቃ እያነሳሁበት ስሜ በከተማው ትንሽ ታውቆ ነበር። የገደለችው እናቴ ናት። በሚያዝያ ሙቀት የቆርቆሮ ቤታችን ሲነድ፣ ካሜራውን ከዚሩ ጀርባ አስቀመጠችው። ዚር የምንለው ውሃ የምናቀዘቅዝበትን የሱዳን ጋን ነው፤ ገላው ሁልጊዜ እንዳላበው ነው። ከቤታችን ቀዝቃዛው ቦታ እሱ ስለሆነ ቅቤውም፣ ሎሚውም፣ የእናቴ የዓይን ጠብታም የሚቀመጠው እዚያው ነው። የዓመቱ ማብቂያ ፈተና እስኪያልፍ ካሜራውን አልነካሁትም። ባወጣሁት ጊዜ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ አድርቶበት አገኘሁት። ሻጋታ እርጥበት እንደሚወድ ለልጆች የማስተምር ሰው ነኝ እንግዲህ! እናቴ ላይ ጮህኩባት። "እኔማ እንዳይሞቀው ብዬ" አለች፤ ቀኑን ሙሉም አላናገረችኝም። ያ ጩኸቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ካሜራ መምረጤን የከተማ ሰው ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያደረጉት ግን ጋሼ ናቸው።

እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ የሰሊጥ ማሳ አላት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ማሳውን የሚያውቁላት ጋሼ ነበሩ፤ ለአንድ አጨዳ ብለው ከወሎ መጥተው ሃያ ዓመት የቀሩ ሠራተኛ። እንዲህ ቆላ ገብቶ የቀረውን ሰው ሳሉግ ይሉታል። ሲመጡ እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። መስከረም ላይ አንድ እሁድ ቤታችን መጡና ከበሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ "ዘንድሮስ አገሬ መግባቴ ነው" አሉን። እህታቸው ደውላ 'በቁምህ እንይህ' ብላቸው ኖሯል። እናቴ አለቀሰች። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ "አንች መምህርት፣ አንድ ፎቶ ታነሽኛለሽ፤ ሂላው እንደቆመ" አሉኝ።

ሂላ ማለት ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ነዶዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንዲደርቁ የሚቆሙበት ክምር ነው። ሁለት ሳምንት ግድም ይቆማል። ሲደርቅ ሸራ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ በኋላ ማሳው ባዶ ነው።

"ለምንዎ ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"አገሬ ያለ ሰው ሰሊጥን የሚያውቀው በዘይቱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር ቢሉኝ ምን ላሳይ? ገንዘቡ አልተጠራቀመ፣ ጉልበቱ አለቀ። በአፌ ብነግራቸው ማን ያምነኛልሳ?" አሉና ጨመሩ፦ "በስልክሽም ቢሆን ይበቃኛል።"

"በስልክማ አይሆንም!" አልኳቸው አፌን ሞልቼ። አዲስ ካሜራ ልገዛ መሆኑን፣ ሌንሱ ከሰው ኋላ ያለውን ሁሉ አደብዝዞ ሰውየውን ብቻ አጉልቶ እንደሚያወጣ አስረዳኋቸው።

"ሰሊጡም ይደበዝዛል?" አሉኝ።

ሳቅሁ። "ዋናው እርስዎ ነዎት እኮ!"

እሳቸው አልሳቁም። "እሽ፣ አንች ታውቂያለሽ" ብለው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ እግሬ መሬት አልያዘም። አጨዳው ጥቅምት ሲገባ አለቀ፤ ሂላው ቆመ። እኔ ገና ከሁለቱ መሃል ነበርኩ። ባለመስኮቱን ልገዛ እልና የባለተገላባጩን ቪዲዮ አያለሁ፤ ባለተገላባጩን ልገዛ እልና የፊዚክስ መምህሩ ፊት ይመጣብኛል። ካሜራዎቹ ያሉት ጎንደር ነው። አንድ ቅዳሜ ልሄድ ስል መንገዱ ተዘጋ ተባለ። ደነገጠች የሚል ሰው ካለ ውሸቱን ነው፤ እፎይ ነበር ያልኩት። መንገድ ከተዘጋ መወሰን የለ! እናቴ ሳምንቱን ሙሉ፣ "ሂላው ሊራገፍ ነው፤ የስልክሽ ፎቶ ምን አላት?" ስትለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አሁን ሳስበው የፈራሁት መሳሳትን ነበር፤ አንዱን ካሜራ ከዚሩ ጀርባ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛውን በራሴ እጅ ማበላሸት አልፈለግሁም።

መንገዱ ሲከፈት ከትምህርት ቤት አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ጎንደር ወጣሁ። ሱቁ ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ፣ ጨለም ያለ ክፍል ነው። ሻጩ ሁለቱንም አውጥቶ ፊቴ ደረደራቸው። በባለመስኮቱ አጮልቄ ሳይ ዓለም ሁሉ ጠባብ መሰለችኝ። የባለተገላባጩ ስክሪን ግን በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ቦግ ብሎ በራ፤ የሻጩ ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል። ወደ እኔ ገልብጨው የራሴን ፊት አየሁበት፤ አማርኩ። "ይኸኛውን" አልኩ። አፌ ከልቤ ቀደመ። ከኋላ የሚያደበዝዘውን ሌንስም አብሬ ወሰድኩ።

ደስታዬ አውቶብሱ ከአይከል ወዲህ ቁልቁል እስኪወርድ ድረስ ብቻ ነው የቆየው። ሙቀቱ በመስኮት መግባት ሲጀምር ካሜራውን አውጥቼ አበራሁት። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ስክሪኑን ስታገኘው የታየኝ የራሴ ግንባር ነበር። አጠፋሁት። መልሼ አበራሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ፣ "ምን ሁነሽ ነው ልጄ፣ ተበላሸብሽ?" አሉኝ። "አይ፣ ደህና ነው" ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ቅዳሜ በባጃጅ ማሳው ድረስ ሄድኩ። ስደርስ ረፋዱ አልፎ ወደ ቀትር ገደማ ነበር። ማሳው ባዶ ነው። ሁሉም ተራግፎ፣ ጆንያው ተደርድሮ፣ ሠራተኞቹ ሸራ ያጥፋሉ። ከዚያ ነው መሃል ሜዳው ላይ ብቻውን የቆመ አንድ ሂላ ያየሁት።

ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ገና ሲያየኝ ጮኸ። "መምህርት፣ ያንችን ሂላ ስንጠብቅ ሁለት ቀን! ነፋሱ ፍሬውን አረገፈው፣ ወፉ በላው። እኒህ ሰውዬ አይነካም ብለው ሥሩ ተቀመጡ!"

ጋሼ ከሂላው ጥላ ተነሡ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። "መጣሽ?" ብቻ አሉኝ። ወቀሳ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሂላው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አቆምኳቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው ነዶውን ያዙ። ካሜራውን አበራሁ። ስክሪኑ ላይ ሰማይ ነበር፤ ነጭ ሰማይና የኔ ጭንቅላት። ወደ ጎን ከፈትኩት፣ ወደ ላይ ገለበጥኩት፣ ወደ ታች መለስኩት። ሲገላበጥ የሚያምረው ነገር ሁሉ እየተገላበጠ የሚያሳየኝ ራሴን ብቻ ነው። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ማልቀስ አማረኝ።

"ምን ሆነሽ?" አሉኝ ጋሼ።

"አይታየኝም" አልኳቸው። እውነቱን መናገር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። "ፀሐዩ ከልክሎኝ አይታየኝም፤ የማይሆነውን ነው የገዛሁት።"

"አብሽሪ፣ አይዞሽ" ብለው ከትከሻቸው ሽርጣቸውን አወረዱና መጥተው ከጭንቅላቴ እስከ ካሜራው ከደኑኝ፤ ጫፉንም ወጥረው ያዙልኝ። ከሽርጡ ሥር ጨለመ፤ ስክሪኑም ብቅ አለ። ሂላው ጥርት ብሎ ይታያል። "ታየኝ!" አልኩ። "አሁን ይቁሙልኝ!" ሄደው ሊቆሙ ሽርጡን ሲለቁት ነፋሱ ገለጠው፤ እንደገና ታወርኩ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ተመላለስን። ካቦው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ለኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በመጨረሻ ሽርጡን በጥርሴ ነክሼ፣ ግማሽ እያየሁ ግማሽ እየገመትኩ፣ አሥር ያህል ጊዜ ተጫንኩት። ጣቴ የት እንዳረፈ እንኳ አላውቅም። ካቦው፣ "በቃ!" ሲል ሠራተኞቹ ሸራውን ዘርግተው የመጨረሻውን ሂላ አራገፉት። ጋሼም አብረው አራገፉ፤ ሸሚዛቸው አቧራ ለበሰ።

ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን በጥላ አየኋቸው። ይህ ካሜራ ስክሪኑ ላይ ጣት ያረፈበትን ቦታ ነው ለይቶ የሚያጠራው፤ የኔ አውራ ጣት ደግሞ ሁልጊዜ ያረፈው ሰሊጡ ላይ ኖሯል። ሁሉም ፎቶ ላይ ነዶው፣ ማሰሪያው፣ የፈነዳው የሰሊጥ ዛላ እያንዳንዱ ጥርት ብሏል። ከኋላ የቆሙት ጋሼ ደብዝዘዋል። ሸሚዛቸው ይለያል፣ ቁመታቸው ይለያል፤ ፊታቸው የለም። የሚያደበዝዘው ሌንስ ሥራውን ሠርቷል።

አንድ በአንድ ደጋግሜ አየኋቸው። ማሳው ተራግፏል፤ ሌላ ሂላ የለም። ጋሼ በማግስቱ ጠዋት ተሳፋሪ ናቸው። ያን ጊዜ ነው ስልኬ ማሳው ላይም ኪሴ ውስጥ እንደነበረ ትዝ ያለኝ። አንድ ጊዜ ባወጣው ኖሮ! እናቴ አጠገቤ መጥታ ፎቶውን አየች፣ እኔንም አየችና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። እኔ በዚሩ ጊዜ የጮህኩባትን ያህል ልትጮህብኝ ይገባት ነበር።

የሚሻለውን አንዱን ያኑ ዕለት ማታ ፎቶ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳተምኩት።

በማግስቱ መናኸሪያ የደረስኩት አውቶብሱ ሞተሩን አስነሥቶ ነው። ጋሼ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፤ ሃያ ዓመት ያፈሩት አንዲት ቦርሳ ጭናቸው ላይ ናት። ፎቶውን ከፖስታው ሳላወጣ፣ "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አበላሸሁት" ማለት ጀመርኩ። ስለ ስክሪኑ፣ ስለ ጣቴ፣ መስኮት ያለውን መግዛት እንደነበረብኝ ለፈለፍኩ። እየሰሙኝ ፖስታውን ከእጄ ወስደው ከፈቱት።

ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ነዶው ላይ አሳርፈው፣ ከማሰሪያው ጀምረው ወደ ላይ፣ ዛላ በዛላ ሄዱበት። አጠገባቸው ለተቀመጠው መንገደኛ አሳዩት፦ "ይኸ ሰሊጥ ነው። ይቺ ስትፈነዳ ነው የሚራገፈው። እንዲህ አድርጎ ማሰርን እኔ ነኝ የማውቅበት።"

"ፊትዎ ግን አልወጣም" አልኳቸው። "ፊትዎን አጠፋሁት፣ ጋሼ።"

ቀና ብለው አዩኝ፤ ግራ የገባቸው መሰሉ።

"ፊቴንማ ይዤላቸው እሄድ የለ?" አሉኝ።