ናይሮቢን የማይነካ መንገድ

እኛ የሞያሌ ሰዎች ወደ ደቡብ የሚወርድ መኪና ላይ ስንሳፈር «ኬንያ ልሄድ ነው» እንላለን። መታወቂያችን የኬንያ ነው። ፖሊስ ሲያስቆመን የሚሰድበን በኬንያ ቋንቋ ነው። ግን ኬንያ ሌላ ቦታ ነው፤ ከኢሲዮሎ ወዲያ ይጀምራል። የናይሮቢ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔን አስቆኝ አያውቅም።

ጢም ሳላበቅል ጀምሬ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ሞያሌ። ሰው ይህን ሲሰማ «አንተማ አገር አይተሃል» ይለኛል፤ እበሽቃለሁ። ያየሁት ጎማ ነው። መንገዱን የማውቀው ጎማ በፈነዳበት፣ ክሪክ በተንሸራተተበት፣ ሾፌር በሰደበኝ ቦታ ነው። የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚታደር የሚወስነው ሾፌሩ ነው። እሱ የሚወዳት ሴት ያለችበት ከተማ ስንደርስ ሁለት ቀን እንቆማለን፤ ደስ ያለኝን ቦታ በአቧራ እናልፋለን። እኔ መኪናው ሥር ተኝቼ ጭነት እጠብቃለሁ። የከተማዎቹን ስም እንኳ ሌላ ሰው ሲጠራ ሰምቼ ነው የማውቀው፤ ሰሌዳ ማንበብ አልችልም ነበር።

ማንበብ የተማርኩት መኪናውን ትቼ የራሴን ጎሚስታ ቤት ከከፈትኩ በኋላ ነው፣ ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ። ፊደሉን ከወዲያ ማዶ፣ ከኢትዮጵያው በኩል፣ በማታ ትምህርት፣ ስዋሂሊውን ከወዲህ ማዶ በጎልማሶች ክፍል። ማንበብ ዓይን ይከፍታል ይላሉ። የኔን የከፈተልኝ ስንት ቦታ ሳላየው እንዳለፍኩ ለማሳየት ነው። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ጎማ እየነቀልኩ ልቤ መንገድ ላይ ነው።

እንዲህ እያለሁ ሚስቴን ሆዷን አመማት። የእጅ ስልክ ለከተማችን አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ክሊኒክ ወሰድኳት። የሚሠራው ሰው ከደቡብ የተመደበ ነው፤ አማርኛም ኦሮምኛም አይሰማም፤ እሷ ደግሞ ስዋሂሊዋ ከገበያ አይወጣም። መረመራትና ውጭ አግዳሚው ላይ እንድትጠብቅ አደረጋት። ለእኔ «ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ትቀንስ» አለኝ። በቃ። ሌላ ነገር አልነበረም።

ግን ቶሎ አልወጣሁም። ሰውዬው አገሩ ናፍቆት ነው መሰለኝ ወሬ ጀመረ። ከኬንያ ተራራ ግርጌ ነው የመጣው፤ ከሜሩ ወዲያ። እዚያ ዝናብ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሙዝ እንዴት ከቤት በር ላይ እንደሚቆረጥ፣ ሞምባሳ ስትወርድ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ጨርቅ እንደሚሆን ነገረኝ። «እኔ ናይሮቢ ድረስ አውቀዋለሁ» አልኩት። «የት የት ወርደህ ታውቃለህ?» አለኝ። የሻይ ሣጥን በጀርባዬ ተሸክሜ አውቃለሁ፤ የሻይ ተክል ዛፍ ይሁን ሣር አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወጥቼ ሚስቴን «ጨጓራ ነው» አልኳት። በዚያው ሳምንት ደግሞ «ኬንያ ልወስድሽ ነው» አልኳት።

«ማን ጋ?»

«ማንም ጋ አይደለም። ልናይ።»

«ምኑን?»

«ያለውን!»

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ይህን እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

የጎሚስታ ቤቴ የብረት በር ላይ፣ የተበሳ ጎማ በማመለክትበት ጠመኔ መንገዱን ሳልኩት። ኢሲዮሎ፣ ናይሮቢ፣ ሞምባሳ፣ ከዚያ የባሕሩን ዳር ይዞ ማሊንዲ። በመካከል ያለውን አልወሰንኩም፤ ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው። ደስ ባለን ቦታ እንወርዳለን፣ ሲሰለቸን እንነሳለን። በየቀኑ እያጠፋሁ እንደገና እስላለሁ። አንድ ቀን ማሊንዲ ይቀድማል፣ በማግስቱ ሞምባሳ። ደንበኛዬ የሆነ ከአዲስ አበባ ጭኖ የሚመጣ ሾፌር ቆሞ አየው።

«አያ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ኮንትሮባንድ ጀመርክ?»

«ሽርሽር ልሄድ ነው። ከሚስቴ ጋር።»

«ሽርሽር? ፈረንጅ ሆንክ?» ሳቀ። «የት ነው የምታድሩት?»

«የመሸብን ቦታ።»

«ሰው ሳይሞት፣ ሰው ሳይዳር፣ ዕቃ ሳይጫን? አያ፣ ያንተን ጎማ ማን ነፋው?»

ወሬው በዚያው ቀን ከተማውን ዞረ። እኛ ጋ ሰው ያለ ምክንያት አይሄድም። ለቅሶ ይሄዳል፣ ሠርግ ይሄዳል፣ ንግድ ይሄዳል። ወደ ታች ኬንያ ሚስቱን ይዞ የሚወርድ ሰው ግን አንድ ምክንያት ብቻ ነው ያለው፤ ትልቅ ሆስፒታል። ይህን እኔ አላሰብኩትም። ሁሉም ሰው አስቦታል።

መጀመሪያ የመጣችው ከኦዳ መንደር ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት ናት። ወተቱን ቀድታ ሒሳቡን አልቀበልም አለች። የሚስቴን እጅ ይዛ «ነጋያን ጋሊ» አለቻት፤ በሰላም ግቢ ማለት ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በማግስቱ ጎረቤቶች መምጣት ጀመሩ። ተቀምጠው ስለ ዋጋ መወደድ ያወራሉ፤ ሚስቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ከንፈር ይመጥጣሉ። እኔን ደግሞ «አይዞህ» ይሉኛል። ምን ሆኜ ነው አይዞህ የምባለው? አንዱን ልመታው ነበር።

ከዚያ ታላቅ ወንድሟ ጎሚስታ ቤት መጣ። በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ።

«እንደ ወንድ ንገረኝ» አለ።

«ምኑን?»

«የእህቴን ነገር።»

«ጨጓራ ነው።»

«ጨጓራ ሰውን ሞምባሳ ይወስዳል?»

«እኔ ነኝ የምወስዳት፤ ጨጓራው አይደለም!»

«አትጩህ። ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ያውቃል? እንግዲያው ለኔም ንገሩኝ!»

ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ክሊኒኩ ሄዶ እንዲጠይቅ ልልከው ብዬ ነበር። ሰውዬው ለካ ተዛውሯል። የደቡብ ሰው እኛ ጋ አይበረክትም፤ ሻንጣውን ሳይፈታ ዝውውር ይጠይቃል። አገሩን አውርቶልኝ፣ ሕይወቴን አመሳቅሎ፣ እሱ ሙዙ ጋ ገባ።

አንድ ማታ ወደ ቤት ስገባ ትልቁ ድስት ከቦታው የለም። ያ ድስት ከማግባታችን በፊት የነበራት ነው፤ ለሠርግም ለሐዘንም ሰፈሩ ሁሉ የሚዋሰው።

«ድስቱ የት ሄደ?»

«ለጎረቤቴ ሰጠኋት።»

«አዋስሻት?»

«ሰጠኋት አልኩህ። ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከሳምንት በፊት በቧንቧ ወረፋ የተጣላቻትን ሴት ሄዳ ይቅርታ ጠይቃታለች፤ ሰምቼ ነበር፤ ልብ አላልኩትም። አንዱን ጥሩ ሻርፕ ለወንድሟ ልጅ ሰጥታለች። ሚስቴ ቤቷን እየዘጋች ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ አትሞቺም!» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት። ሌላ አፍ የለኝም።

«እህቴንም ባሏ "ከተማ ላሳይሽ" ነው ያላት» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ናይሮቢ ላሳይሽ አላት። ፎቅ ላሳይሽ አላት። ደስ ብሏት ሄደች። እዚያው ተቀበረች። ባሏ ሐኪሙ የነገረውን ያውቅ ነበር።»

የእህቷን መሞት አውቃለሁ፤ ለቅሶው ላይ ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ። ባልየው ምን ብሎ እንደወሰዳት ግን የነገረኝ የለም።

«እኔ ያ ሰውዬ አይደለሁም።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ክሊኒኩ ውስጥ ምን ስታወሩ ነበር?»

«ስለ አገሩ።»

«ስለ አገሩ! ሐኪም በሽተኛ ውጭ አስቀምጦ ስለ አገሩ ያወራል?»

«ስለ ዝናብ። ስለ ሙዝ።»

ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። እኔም ራሴን ስሰማው ውሸት ይመስላል። እውነት እንዲህ ሞኝ ሆኖ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

«እሺ፣ ጉዞው ቀርቷል» አልኩ። «በሩን አጥበዋለሁ። አንሄድም።»

«ከቀረ ደግሞ "አትተርፍም፣ ገንዘብህን አታጥፋ" ብለውህ ነው እላለሁ።»

ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ግቢው ውስጥ ዞርኩ። ብሄድ ሟች ናት፣ ብቀር ሟች ናት። ሰው አለመዋሸቱን በምን ያሳያል? ደም አውጥቶ? ብምል እህቷን የወሰዳትም ምሎ ይሆናል። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሄዶ መመለስ። ይህንን ነገርኳት።

«ናይሮቢ አልገባም» አለች። «ናይሮቢን ካላየሁ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ጠመኔውን ይዤ በሩ ፊት ቆምኩ። ያ ሾፌር እንደገና መጥቷል፤ ጎማ ያስጠግናል።

«ናይሮቢን ሳይነካ ሞምባሳ የሚወርድ መንገድ አለ?»

«በጋሪሳ በኩል አለ፤ ከሽፍታ ጋር ሽርሽር ከፈለግክ።» ከዚያ ፊቴን አየና ቀልዱን ተወ። «አያ፣ ባሕሩን እርሳው። ኢሲዮሎ እኔ በጋቢና አደርሳችኋለሁ። ከዚያ ተራራውን ዙሩ። ሜሩ፣ ኤምቡ፣ ኒዬሪ፣ ናንዩኪ፣ ተመልሳችሁ ኢሲዮሎ። ናይሮቢን አታዩዋትም።»

ሞምባሳን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋሁት። ማሊንዲንም። አንገበገበኝ፤ አልዋሽም። ያንን ባሕር እስከዛሬ አላየሁትም። ተራራውን በክብ ሳልኩትና በዙሪያው ያሉትን ከተሞች ጻፍኩ፤ የማደሪያውን ባዶ ተውኩት።

ሽፍታ ፈርተው በአጀብ ከሚጓዙት መኪናዎች ጋር ወጣን። እስከ ኢሲዮሎ ያለው መንገድ ኩላሊት ያወርዳል፤ እሷ በጋቢናው መካከል ሻንጣውን አቅፋ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ሊያስቃት ሞክሮ ሲያቅተው ሬዲዮ ከፈተ። ኢሲዮሎ አድረን በማለዳ ወደ ሜሩ የሚሄድ ማታቱ፣ የሕዝብ ሚኒባስ፣ ያዝን። መንገዱ እንደወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ አረንጓዴው ከሁለቱም በኩል መጣብን። እኔ በዚያ በኩል ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ግን ሁልጊዜ ከጭነቱ ላይ፣ ሸራ ሥር ነበርኩ። አሁን ሰሌዳዎቹን ሳነብ አፌ አላርፍ አለ። ጋራዥ። ሥጋ ቤት። የእንጨት መሸጫ። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ስሙ ከሕንፃው ይረዝማል። ለእሷ ሁሉንም አነበብኩላት። መንገዱንም ሰሌዳውንም አታይም፤ ፊቴን ነበር የምታየው።

ሜሩ ከተማ ውስጥ ማታቱው አንድ ትልቅ በር ፊት ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ሆስፒታሊ! ሆስፒታሊ!» ብሎ ጮኸ። ይሄ ቃል ማስተርጎም አያስፈልገውም። ሳህን በጨርቅ የቋጠረች ሴት ወረደች፣ አንድ ሽማግሌ ተደግፎ ወረደ። ሚስቴ ጉልበቴን ያዘች። ጣቶቿ ሲገቡ ተሰማኝ።

ረዳቱ ወደኛ ዞረ። ልብሳችንን አየ፣ ፊታችንን አየ። ከሰሜን መምጣታችንን ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያስፈልግም።

«ምዜ፣ እዚህ አይደል የምትወርዱት?» አለ በስዋሂሊ፤ ምዜ አባባ እንደ ማለት ነው።

«አይደለም።»

«ሆስፒታል እኮ ነው። የሞያሌ ሰዎች ሁሉ እዚህ ነው...»

«አይደለም አልኩህ! ትዌንዴ!»

እንሂድ ማለቴ ነው። እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ረዳቱ ትከሻውን ሰብቆ በሩን ዘጋው። ማታቱው ተነሳ። በሩ፣ አጥሩ፣ ከአጥሩ ሥር የተኮለኮሉት ሰዎች ወደ ኋላ ሄዱ። ሚስቴ አንገቷን አዙራ እስኪጠፉ ድረስ አየቻቸው። ከዚያ እጇን ከጉልበቴ አነሳች።

«ምን አለህ?» አለችኝ።

«እዚህ አትወርዱም ወይ አለኝ።»

«አንተስ?»

«ሰምተሻል።»

ሜሩ መናኸሪያ ሌላ መኪና ቀየርን፤ ወደ ኤምቡ በኩል። አሁን ሰሌዳ አላነበብኩም። ቁልቁለት፣ ድልድይ፣ አቀበት፣ እንደገና ድልድይ። ዝናብ አካፍቶ አቆመ። እሷ በመስኮት ታይ ነበር። በድንገት በቀለበቷ የመኪናውን ጣሪያ መታች፤ ሰዎች ሊወርዱ ሲሉ እንደዚያ ሲያደርጉ አይታ ነው።

«ምን ሆንሽ?»

«ልወርድ ነው።»

«እዚህ? ምን አለ እዚህ?»

ቀድማኝ ወረደች። ቤት የለም፣ ሱቅ የለም። ከድልድዩ ሥር ግን ውኃ እየሮጠ ነው፤ ንጹሕ ውኃ፣ ድንጋይ ላይ እየተሰበረ። ጀሪካን የለ፣ አህያ የለ፣ ወረፋ የለ።

«ይህን ማንም አይቀዳውም?» አለች። የተቆጣች ትመስል ነበር። «ዝም ብሎ ነው የሚሄደው?»

ጫማዋን አወለቀች። እግሯን አጠበች፣ ፊቷን አጠበች፣ አንገቷን። ከዚያ ያልቆሸሸ ነጠላዋን አውጥታ ድንጋይ ላይ እያሸች ማጠብ ጀመረች። እኔ ሻንጣውን ይዤ አስፋልቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እላለሁ። ደመናው እንደገና እየከበደ ነው። ኤምቡ ምን ያህል እንደሚቀር አላውቅም።

«ይመሻል» አልኳት። «ይህንን አድርቀሽ የት ልትደርሺ ነው?»

«ቆይ፣ አትነዝንዘኝ!»

ከላይ በኩል አንድ ማታቱ መጣ፤ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ በጣቱ «ትሄዳላችሁ?» አለኝ። ደስ ባላት ቦታ ነው የወረደችው፤ እጄን አላነሳሁም። አለፈን። እሷ ነጠላውን ጨምቃ፣ አየችውና መልሳ ውኃው ውስጥ ነከረችው።