የማጣሪያችን በርሜል አይነሳም!

ውሃችን ጠራ! እንዴት ዋላችሁ ማለቱንም ረሳሁት።

እዚህ አሰላ ለሰፈራችን በበርሜል ያሠራሁት የአሸዋ ማጣሪያ በጭቃ ታፍኖ ጠብታ እንኳ አላወርድ ብሎ ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ቱፋ ዛሬ ጠዋት መጥተው፣ «በይ እንግዲህ፣ በርሜሉን ለገብሴ ማስቀመጫ ልውሰደው!» አሉኝ።

«ኧረ ትንሽ ይታገሡኝ!»

ባለቤቴ ምጽዋ ተመድቦ ሳለ ባሕሩ ዳር ስቆም፣ ወደ ኋላ የሚመለሰው ማዕበል አሸዋውን ከእግሬ ሥር ጠርጎ ይወስደው የነበረው ትዝ አለኝ።

እኔም ውሃውን በተቃራኒው ልስደደው ብዬ፣ ከጣራ ያጠራቀምነውን የዝናብ ውሃ በጎማ አድርጌ ከበርሜሉ ሥር ወደ ላይ ለቀቅሁት። አሸዋው ተፍለቀለቀ፤ ጭቃው በአፉ ገንፍሎ ወጣ! ከዚያ እንደ ወትሮው ከላይ ስንሞላው ኩልል ያለ ውሃ ወረደ።

ጋሼ ቱፋም ደጋግመው ጠጡ (በርሜሉንም ለማጣሪያው ተዉት)።

እናንተስ ተበላሸ የተባለ ነገር አድናችሁ ታውቃላችሁ? መጥታችሁ አጫውቱኝ። ገብሱም ቆሎ ሆኖ ይቀርባል፤ ጋሼ ቱፋ ቃል ገብተዋል። እሑድ ማንም እንዳይቀር!