የረውዳ ክር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከጎረቤት መጣላቴን ሁሉ አንድ በአንድ እየነገርኳቸው እዚህች ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። እሳቸውም አረፉ፣ እኔም አረጀሁ። አሁን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። "ዘመኑ ክፉ ነበር እኮ፣ እማማ" የሚለኝ ሰው ካለ ከወዲሁ ይተወኝ። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ አዎ። ያን ክር የቋጠረው ግን ዘመኑ አይደለም። እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ።

በደርግ ጊዜ ከሜክሲኮ ወደ ሰንጋ ተራ ሲወርዱ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሴቶች ማደሪያ ጽዳት ነበርኩ። ቤቴ ጌጃ ሰፈር ነበር፤ በእግሬ ነው የምሄደው። መንገድ ላይ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበር፣ በየጠዋቱ "አስካለ፣ ተማሪዎቹን ቀስቅሻቸው፣ አገር ተኝቷል" ይለኛል። ደግ ሰው ነበር፤ ልጁ ኋላ የት እንደገባ... ተዉት፣ ስለሱ ልጽፍ አልተነሳሁም። እንዲህ ነኝ፤ ወደዚያ ነገር ስቀርብ እግሬ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ኋላ በቀበሌ መሠረተ ትምህርት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር።

በዚያ ኮሌጅ ሳንባዋን የታመመች ልጅ ከተገኘች ፍራሿን ጠቅልለው ወደ አገሯ ይሰዷታል። ፍራሹን የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ። ድና ተመልሳ ያየኋት ልጅ የለችም። በኋላ ሲስተር ትርሲት የምትባል ነርስ ለኮሌጁ ክሊኒክ ተመደበች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇን የምታወዛውዝ። እሷ አዲስ አሠራር አመጣች። የታመመ ተማሪ አይባረርም አለች። ሆስፒታል ተኝቶ በመርፌ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ሕክምና ይጨርስና ወደ ሰው የማይተላለፍበት ጊዜ ላይ ሲደርስ ይመለስ፤ እዚሁ እየተማረ በየቀኑ ክኒን ይዋጥ። ግን ብቻውን አይደለም። ራሱ የመረጠው ሰው በየጠዋቱ ቆሞ ሲውጥ ይየው።

የመጀመሪያዋ ረውዳ ነበረች። ከቡታጅራ ማዶ የመጣች፣ እናቴ ከተወለደችበት አገር፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ማን ይይሽ ስትባል "እትዬ አስካለ" አለች። እኔ ደነገጥኩ።

"ምነው፣ ጓደኛ የለሽም?" አልኳት።

"ጓደኞቼ ያዝኑልኛል። አንቺ ትቆጪኛለሽ።"

መጻፍ ስለማልችል ሲስተር ረጅም የጥጥ ክር ሰጠችኝ። ረውዳ ስትውጥ ባየሁበት ቀን አንድ ቋጠሮ። ክሩ ክሊኒኩ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲስተር ትቆጥረዋለች። "እትዬ አስካለ፣ ያላዩበት ቀን ካለ አይቋጥሩ። አልቆጣዎትም። የጎደለውን ካወቅኩ መላ አለው" አለችኝ። ሰማችሁ? አልቆጣዎትም ብላኛለች። ከዚህ ወዲያ ምን ምክንያት ልስጣችሁ?

የመጀመሪያውን ወር በትክክል አየሁ። ያንን ማንም አይወስድብኝም፤ ግን ምን ያደርግልኛል? ጠዋት ክኒኑን ከክሊኒክ ተቀብዬ ክፍሏ እገባለሁ፣ ውኃ በጣሳ እሰጣታለሁ፣ ፊቷን አጨማዳ ትውጣለች።

"ይሄ ክኒን ልክ እንዳንቺ ነው እትዬ፣ ገና ሲያዩት ይመራል።"

"ወሬሽን ተይና አፍሽን ክፈቺ። ከምላስሽ ሥር አሳዪኝ።"

ጉንጯ መሙላት ጀምሮ ነበር። ደረጃ ስትወጣ መቆም ትታ ነበር። አሠራሩ ይሠራ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ የእኔ ልጅ አሳላት። አምስት ዓመቷ ነበር። ተራ ጉንፋን ነው፣ በሳምንቱ ለቀቃት። እኔ ግን በዚያ ሳምንት ረውዳን ጠላኋት። አዎ፣ ጠላኋት፤ ሌላ ቃል አልፈልግለትም። ልጄን ልትገድልብኝ ከእናቴ አገር የመጣች ጠላት ሆና ታየችኝ። ሲስተር በሽታው አሁን አይተላለፍም ብላ ነግራኝ የለም ወይ? ነግራኛለች። ሄጄ ጠየቅኳት? አልጠየቅኩም። "ፈራሁ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ" አልኳት? አላልኩም። ክኒኑን በወረቀት ጠቅልዬ መስኮቱ ላይ አስቀምጥና በመጥረጊያው እንጨት በሩን እመታለሁ።

"ረውዳ፣ ክኒንሽን ዋጪ።"

"እትዬ፣ አትገቢም?"

"ሥራ አለብኝ።"

"ተቀይመሽኛል?"

"ዝም ብለሽ ዋጪ።"

ከዚያ ግቢውን አቋርጬ ክሊኒክ እገባለሁ፣ ክሩን ከሚስማሩ አወርዳለሁ፣ እቋጥራለሁ። በማግስቱም ቋጠርኩ። ልጄ ከዳነችም በኋላ ቋጠርኩ። ያላየሁትን ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ገና ቋጠርኩ። ቅዳሜ ሲሆን ሲስተር ክሩን በጣቷ እየዳሰሰች "የርስዎ ክር አንድ ቀን እንኳ አይጎድልም" ትለኛለች። እኔም ፈገግ እላለሁ። ያ ፈገግታዬ ዛሬም ፊቴ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ መስታወት የማልወደው ለዚህ ነው።

ከገና በኋላ ረውዳ ክፍል ውስጥ ደም ተፋች። ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዷት። አልጋዋን እንዳጸዳ ተላክሁ። ፍራሹን ሳነሳ ስፌቱ አንድ ጎን ተተርትሯል፤ እጄን ሰደድኩ። ክኒን ነው። ብዙ ክኒን፣ ገሚሱ እኔ ከጠቀለልኩበት ወረቀት እንኳ ያልወጣ። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሆዷን ስለሚያገላብጣት፣ ፈተናም ስለደረሰባት፣ የሚያያትም ስለሌለ ትታው ነበር። ዘግኜ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ጨመርኩት። ክሊኒኩ ግቢውን ተሻግሮ ነው፤ ስንት እርምጃ ነው? አልተሻገርኩም። ነገ አልኩ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገባ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ክሩን ከፍ አድርጎ ያዘው።

"ጓዶች፣ ክሩ ሙሉ ነው። መድኃኒቱ ተውጧል ማለት ነው። ታዲያ ልጅቷ ደም ለምን ተፋች? ወይ ነርሷ መድኃኒቱን ለውጣዋለች፣ ወይ ይሄ አዲስ አሠራር የምትለው ተማሪ ይገድላል። አንዱን ትምረጥ።"

"መድኃኒት አልለወጥኩም" አለች ሲስተር።

ከኋላ አንዱ "የጽዳቷ ሴትዮ ዋሽታ ቢሆንስ?" አለ።

ሊቀ መንበሩ ሳቀ። "ጓድ አስካለ ፊደል እንኳ አታውቅ፣ ውሸት ከየት ታመጣለች?"

አዳራሹ ሳቀ። እኔስ? ተሰደብኩ ብዬ ተቀየምኩ? አመሰገንኩት እንጂ። አለማወቄ ዋስ ሆነልኝ። "በዓይንሽ አይተሻል?" ሲለኝ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ሲስተር ከሥራዋ ትሰናበት፣ አሠራሩም ይቅር የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ክኒኑን ጨብጦ ነበር። ግራዬን አወጣሁ።

ሊቀ መንበሩን ብረግም ይቀለኝ ነበር። ግን ክኒኑ እሱ ኪስ ውስጥ አልነበረም።

ሲስተርን የውጭው በር ላይ አገኘኋት፤ ዕቃዋን በዘንቢል ይዛለች። ሸሽቼ ላልፍ ስል ጠራችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ምንኛ በወደድኩ።

"እትዬ አስካለ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ለሰው አልናገርም፣ ለራሴ እንዳውቀው ነው። ስትውጥ አይተዋል?"

"በዓይኔ" አልኩ።

"እንግዲያው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አለች። አመነችኝ። ከገዛ ዕውቀቷ ይልቅ እኔን አመነች። እሷ ወደ ሜክሲኮ ስትወጣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ኪሴን ገለበጥኩ።

ረውዳን ከሆስፒታል አስወጥተው በድሮው ደንብ ወደ አገሯ ሰደዷት። ፍራሿን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። መኪናው እስኪመጣ በር ላይ ተቀምጣ "እትዬ፣ ሲስተርን ካገኘሻት ንገሪልኝ። ክኒኑን አልዋጥኩም ነበር። እሷ ምንም አላጠፋችም" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ለምትሞት ልጅ እሺ አልኩ። ክረምት ሳይገባ እንደሞተች ከቡታጅራ የመጣ ነጋዴ ነገረኝ። ሲስተርን አልፈለግኳትም። ከረውዳ በኋላም የሌሎች ልጆችን ፍራሽ ጠቀለልኩ።

አሁን የልጅ ልጄ ኮሌጅ ናት። ባለፈው መጥታ ክሊኒካቸው የታመመ ተማሪ እዚያው እየተማረ እንደሚታከም፣ ራሱ የመረጠው ሰው ሲውጥ እንደሚያየው አወራችኝ። "አዲስ አሠራር ነው እማማ" አለች። ጓደኛዋ ታማ እሷን መርጣታለች። ደስ ብሏታል። "ግቢ" አልኳት፤ "በር ላይ አትቁሚ፣ ግቢና እያየሽ ትዋጥ።" ለምን እንደጮኽኩባት አልገባትም። ይህን ስታነብ ይገባታል። ከዚያ በኋላ እማማ ብትለኝም ባትለኝም የራሷ ጉዳይ ነው።

ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ማለት ከሚችሉት አንዷ አፈር ውስጥ ናት፤ ሌላዋ የት እንዳለች አላውቅም። ሲስተር ትርሲት፣ በሕይወት ካለሽ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ተሳሳትኩ ብለሽ ኖረሽ ከሆነ፣ አልተሳሳትሽም። በር ላይ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሴ ይኸው።

አላየሁም።