አባቴና የማሰላው ጨረር

ከዲላ በምወጣበት ዋዜማ ምሽት ቤታችን ለጸሎት በመጣ ሰው ሞልቶ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ከሚኖርበት ከደጋው ቡሌ ወርዶ ጸሎቱን ራሱ መራው። ሲጨርስም «ልጄ ጀርመን የሚሄደው ካንሰር የሚያድነውን ጨረር ሊማር ነው» አላቸው። አይደለም አልኩ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሳስተምርም ስንት ጊዜ አይደለም ብዬዋለሁ። ሰዉ በአንድ ድምፅ አሜን ሲል የኔ ድምፅ ተዋጠ፤ ንጋት ላይ ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ስደት ላይ ያላችሁ፣ ሥራን ለቤተሰብ ማስረዳት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የኔ ሥራ ስሌት ነው፤ ከአንድ ምንጭ የሚወጣ ጨረር የቱ ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚደርስ ማስላት። የጨረሩ ምንጭ ትንሽ ከሆነና ከራቅከው እንደ አንዲት ነጥብ ትቆጥረዋለህ፣ ቀላል ነው። ዱመርሶ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ እንደተሰጣ ቡና የተንጣለለ ከሆነ ግን በሐሳብ ቆራርሰህ፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ጨረር ለብቻው አስልተህ ትደምራለህ። በቀረብከው ቁጥር ቁራጩን ማድቀቅ አለብህ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ ያለ ሃፍረት ይዋሽሃል። ማሽን አልነካም፣ በሽተኛ አላክምም።

ጀርመኖቹም ከአባቴ አልተሻሉም። ክፍል ያከራየችኝ ሴትዮ ሥራዬን ስትሰማ በር ላይ አቆመችኝ።

«ጨረሩን ቤት ይዘኸው ትመጣለህ?»

«የለም፣ ኮምፒውተር ላይ ያለ ቁጥር ነው።»

«ኮምፒውተሩስ የት ነው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«እንግዲያው ቦርሳው ምድር ቤት ይደር።»

ይኸው እስካሁን እዚያ ያድራል። ብርዱንማ ተዉት። የቡሌም ብርድ ያንቀጠቅጣል፤ ግን ቡሌ ላይ ስትንቀጠቀጥ ያየህ ሰው ግባና እሳት ሙቅ ይልሃል፣ እዚህ ጃኬት ግዛ ነው የሚሉህ። ጥቁር ዳቧቸው ኮምጠጥ ይላል፤ መጀመሪያ ቀን ቆጮ ቆጮ ሸተተኝና በደስታ ገመጥኩት። ከዚያ ወዲያ አልተታለልኩም።

እንዲህ እያልኩ ስኖር እህቴ ምሕረት ከዲላ ደወለች። አባታችን የጉሮሮ ካንሰር ተገኘበት። አዲስ አበባ ለጨረር ሕክምና ወረፋ ተይዞለታል፤ ሐኪሙም እንዳይዘገይ ብሏል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ደወለች።

«ተራው ደርሶ አልሄድም አለ። ልጄ መጥቶ በእጁ ያክመኛል ይላል። እኛን አልሰማም፤ አንተው መጥተህ አሳምነው።»

የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው አልፎ እድሳት ላይ ነበር፤ ሳይታደስ ከወጣሁ መመለስ የለም። ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮ ሮጥኩ። እዚያ ቀጠሮን ተርሚን ይሉታል፤ ተርሚን ከሌለህ ሰው አይደለህም። የመስኮቷ ሴትዮ ገና ሳታየኝ ተርሚን አለህ ወይ አለችኝ።

«የለኝም። አባቴ በጠና ታሟል።»

«አዝናለሁ። ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ሄደህ ምን ታደርግለታለህ?»

«እንዲታከም አሳምነዋለሁ።»

«ለማሳመን ስልክ አለ» አለችኝና የሚቀጥለውን ጠራች።

ደሜ ፈላ። አባቴ ስንት ዓመት አልገባው ያለው ነገር ለዚህች ሴት ወዲያው ገባት። እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ ደወልኩ። የአባቴ ድምፅ ሰልሎ፣ የሌላ ሰው ድምፅ መስሏል።

«አባዬ፣ እኔ ማሽኑን አልነካም። ቁጥር ብቻ ነው የምሠራው።»

«ማሽኑን ይህን ያህል ጨረር ስጥ የሚለው ታዲያ ቁጥሩ አይደል?»

ነው። አይደለም ልለው አልቻልኩም።

«ቁጥሩን የሚሠራ ሰው አዲስ አበባም ሞልቷል። እባክህ ሂድልኝ።»

«ተራዬን ለቀቅኩት እኮ ልጄ። ስንመዘገብ ያገኘኋት፣ ከአሪቻ የመጣች ሴት አለች፣ ልጆቿ ገና ትንንሽ ናቸው። ለእሷ ይሁን አልኳቸው። እሷ ማን አላት? እኔ አንተ አለህልኝ።»

አልቅሼ እንዳላሳቅቀው ስልኩን ከአፌ አራቅኩት።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ።

«ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው፣ አባዬ።»

«ግዴለም፣ ለኔ ብለህ አትቸኩል። በደንብ አስልተህ ና።»